“ኤረር” መጀመሪያ ጥፋት አልነበረም

ባለፈው ኤቲኤም ላይ ተሰልፌ ነበር። ከፊቴ የነበሩ አንዲት እናት ካርዳቸውን አስገቡ። የሚስጥር ቁጥራቸውን በጥንቃቄ አንድ በአንድ ነክተው ጠበቁ። ማሽኑ ትንሽ ቆየና ስክሪኑ ላይ “ኤረር” የሚል ጽሑፍ አወጣ። ካርዱንም መልሶ ተፋው። እናትየዋ ዘወር ብለው አዩኝና “ልጄ፣ ምን አጥፍቼ ነው?” አሉኝ።

“እማማ፣ ምንም አላጠፉም። ሲስተም የለም ማለቱ ነው” አልኳቸው። አላመኑኝም። ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ጣታቸውን እያዩ፣ “ጠንከር አድርጌ ነካሁት መሰለኝ” እያሉ ሄዱ።

ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። “ምን ተሳሳትኩ?” አላሉም፤ “ምን አጠፋሁ?” ነው ያሉት። “ስህተት” የሚል ትርጉም ያለው አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ስክሪን ላይ ብቅ ብሎ ትልቅ ሰው አሸማቀቀ። እኔም ቤት ገብቼ ስለዚህ ቃል ማንበብ ጀመርኩ። ያገኘሁት ነገር ደስ ስላለኝ ነው ይህን የምጽፈው።

ኤረር ወደ እንግሊዝኛ የገባው በ1300 አካባቢ፣ በፈረንሳይኛ በኩል ነው። ሥሩ ግን ላቲን ነው። ግሡ “ኤራሬ” ይባላል። ትርጉሙ መንከራተት፣ ወዲያ ወዲህ ማለት፣ ከመንገድ መውጣት ነው። የእግር ቃል ነው። አንድ እረኛ መንገድ ጠፍቶት ጫካ ውስጥ ቢዞር ላቲን ተናጋሪው “ኤራሬ” ይለዋል። ሐሳቡ መስመር የለቀቀ ሰውንም በዚያው ቃል ይጠራዋል። ሁለቱም ትርጉም ላቲን ውስጥ ጎን ለጎን ነበሩ።

የመጀመሪያው ትርጉም ምን ያህል ሕይወት እንደነበረው የሚያሳይ አንድ ቦታ አለ። የሮማው ገጣሚ ቨርጂል የኤኒያስን ታሪክ በግጥም ጽፏል። ኤኒያስ አገሩ ትሮይ ተቃጥላበት በባሕር ላይ የተሰደደ ሰው ነው። በመጨረሻ የካርቴጅ ንግሥት ዲዶ ትቀበለዋለች፤ ግብር ታበላዋለች። ሲበላ ሲጠጣ ካመሸ በኋላ ታሪክህን ንገረኝ ትለዋለች። የትሮይን አወዳደቅ ንገረኝ፣ “ኤሮሬስ”ህንም ንገረኝ ትለዋለች፤ በየብስም በባሕርም ስትንከራተት ይህ ሰባተኛ በጋህ ነውና። የዛሬ ሰው ቃሉን ብቻ አይቶ “ስህተቶችህን ተናዘዝ” ያለችው ሊመስለው ይችላል። እሷ ግን የጠየቀችው ስለ ስደቱ ነው። እንግዳዋ ሰባት ዓመት የት የት እንደተንከራተተ መስማት ነው የፈለገችው።

እንግሊዝኛም ይህን ትርጉም ለረጅም ጊዜ ይዞት ቆይቷል። እኔን በጣም የገረመኝ የጆን ሚልተን ነው። በ1667 በታተመው ስለ አዳምና ሔዋን በጻፈው ትልቅ ግጥሙ የኤደን ገነትን ሲስል፣ ወንዞቿ በዛፎች ጥላ ሥር በ“ኤረር” እንደሚፈስሱ ይጽፋል። እየተጠማዘዙ፣ እየዞሩ ማለቱ ነው። ልብ በሉ፤ ይህ የሆነው የሰው ልጅ ገና ፍሬውን ከመብላቱ በፊት ነው። ኃጢአት ዓለም ውስጥ አልገባም። ኤረር ግን ገነት ውስጥ አለ፤ ውሃው በሱ ይሄዳል። ሚልተን ላቲንን አጥርቶ የሚያውቅ ሰው ስለነበር ቃሉን ያለ ሐሳብ እዚያ አስቀመጠው ብዬ አላምንም።

ታዲያ መንከራተት እንዴት ወቀሳ ሆነ? በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ ስለ ኤረር በብዛት ይወራ የነበረው ከሃይማኖት ጋር ተያይዞ ነው። እውነተኛው መንገድ አንድ ነው ተብሎ ሲታመን፣ ከዚያ መንገድ የወጣ ሰው ተንከራታች ብቻ አይባልም። የሐሰት ትምህርት የያዘ፣ ነፍሱን አደጋ ላይ የጣለ ሰው ይሆናል። ቃሉ ሲወራረስ ያ ክብደት አብሮት መጣ። የእግር ጉዞው እየደበዘዘ፣ የሐሳብ ጉዞው እየጎላ ሄደ።

አሁን ወደ እኛ ቋንቋ ልምጣ። እንግሊዝኛውን እያነበብኩ ሳለ ነው የራሴን ቋንቋ ያየሁት። “ስህተት” የመጣው “ሳተ” ከሚለው ግሥ ነው፤ ግዕዙ “ስሕተ” ነው። ሳተ ደግሞ መጀመሪያ ምን ይሳታል? መንገድ። “መንገድ ሳተ” እንላለን፤ “ዒላማ ሳተ” እንላለን፤ “ራሱን ስቶ ወደቀ” እንላለን። ኤራሬ ማለት በአንድ ቃል ተርጉም ብባል “ሳተ” ነው የምለው። በሁለት ሩቅ ቋንቋዎች አንድ ምስል። አንዱ ከሌላው የቀዳ አይመስለኝም። መንገድ ጠፍቶት የማያውቅ ሕዝብ ስለሌለ ይመስለኛል።

“ጥፋት”ም ያው ነው። ከ“ጠፋ” የመጣ ነው። በግ ይጠፋል፣ መንገድ ይጠፋል፣ ልጅ ገበያ ውስጥ ይጠፋል። ዛሬ ግን “ጥፋተኛ” ዳኛ የሚናገረው ቃል ሆኗል። “ኃጢአት”ን ተመልከቱ። የግዕዙ “ኀጥአ” አጣ፣ ሳያገኝ ቀረ ማለት ነው፤ አማርኛው “አጣ” ከዚሁ ነው። የዕብራይስጡ ዘመዱም እንዲሁ ነው። መጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 20 ላይ ስለ 700 ግራኝ የብንያም ሰዎች ተጽፏል። በወንጭፍ ድንጋይ ወርውረው ጠጉር እንኳ አይስቱም ነበር ይላል። ዕብራይስጡ እዚያ ላይ የተጠቀመው ግሥ ኃጢአት ሠራ ከሚለው ጋር ሥሩ አንድ ነው። ለአዲስ ኪዳን “ኃጢአት” የሚሆነው የግሪክኛው ቃልም ቀድሞ ዒላማ መሳት ነበር። ሁሉም ሜዳ ላይ የተወለዱ ቃላት ናቸው።

የጥንታዊ እንግሊዝኛ አንድ የኤረር የሩቅ ዘመድ ደግሞ “የተቆጣ” ማለት ነበር። ከመንገድ የወጣ ማለትም ነበር። “በንዴት ራሱን ሳተ” የሚል አማርኛ ተናጋሪ ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ኤረር እንግሊዝኛ ውስጥ ወንድሞች አሉት። እነሱን ቶሎ ልለፋቸው፤ አንዱ ላይ ግን ትንሽ እቆማለሁ። “ብለንደር” ከስካንዲኔቪያ ወገን የመጣ ነው፤ ዓይን ጨፍኖ ከመደናበር ጋር የተያያዘ ነው። “ፎልት” ጉድለት ነው። የምቆመው “ሚስቴክ” ላይ ነው። እሱም ከሰሜን ሰዎች ቋንቋ የመጣ ሲሆን፣ ቃል በቃል “አሳስቶ መውሰድ” ነው። ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ በር ላይ ያለውን የጫማ ክምር አስቡት። ጸሎት አልቆ ሰው ይወጣል፤ አንዱ ቸኩሎ የሌላ ሰው ጫማ አጥልቆ ይሄዳል። የራሱ ጫማ እዚያው አለ። መንገዱ አልጠፋውም፣ ጫማውንም ያውቀዋል፤ እጁ ብቻ ሌላ አነሳ። ሚስቴክ ይህ ነው። ቤቱ ሲደርስ ወይም ሃምሳ እርምጃ እንደሄደ እግሩ ይነግረዋል።

ይህ ልዩነት የቃላት ጨዋታ ብቻ አይደለም። በ1967 ፒት ኮርደር የተባለ የብሪታንያ የቋንቋ ምሁር ቋንቋ የሚማሩ ሰዎች ስለሚሠሩት ስህተት አንድ ጽሑፍ አወጣ። ሚስቴክ አንድ ሰው የሚያውቀውን ነገር ደክሞት ወይም ቸኩሎ ሲያዛባው ነው አለ። ኤረር ደግሞ ተማሪው አእምሮው ውስጥ ከያዘው ሕግ የሚመጣ ነው፤ ስለዚህ ይደጋገማል። አስተማሪ ሊያፍርበት ሳይሆን ሊያጠናው ይገባል ባይ ነበር። ተማሪው እስካሁን የት እንደደረሰ የሚያሳየው እሱ ነውና።

ዋሽንግተን የሚያድግ የእህቴ ልጅ አለ። ስልክ ስንደውል “እማዬ መጣ” ይላል። “አክስቴ ሄደ” ይላል። ሁሌም እንዲሁ ነው። የእንግሊዝኛ ግሥ ሴትና ወንድ አይለይማ። ልጁ አልተዘናጋም፤ ባወቀው ሕግ ቀጥ ብሎ እየሄደ ነው። እኛ ግን ስልኩን ስፒከር ላይ አድርገን እንስቃለን። ልጁም አሁን አሁን አማርኛ ማውራት እየቀነሰ ነው። ዜና አንባቢ “ሚኒስትሯ ተናገረ” ብሎ ወዲያው “ተናገረች” ሲል ሚስቴክ ነው፤ ማንም ትምህርት አይሰጠውም። የልጁ ኤረር ነው፤ የሚፈልገውም ትዕግሥት ያለው ሰው ነው። ይህን ካነበብኩ በኋላ ስልክ ላይ መሳቄን ትቻለሁ።

ቃሉን ከወቀሳ ነፃ አድርጎ የያዘው ግን ሳይንስ ነው። ታሪኩ የሚጀምረው በሰማይ ነው። በጥር 1 ቀን 1801፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ ጁሴፔ ፒያዚ የተባለ ቄስና የሥነ ፈለክ ተመራማሪ በሲሲሊ ደሴት በፓሌርሞ ሆኖ አንዲት አዲስ ተንቀሳቃሽ ነጥብ አየ። ሴሬስ ብሎ ጠራት። እስከ የካቲት አጋማሽ ድረስ ተከታተላት። ከዚያ ታመመ፤ እሷም ወደ ፀሐይ ብርሃን ቀርባ ጠፋች። ሰማዩ ሰፊ ነው፤ የተመዘገበው ደግሞ የአርባ ቀን ያህል ጉዞ ብቻ ነው። ከፀሐይ ማዶ ስትወጣ የት ትገኛለች? ማንም አላወቀም።

መልሱን ያሰላው ካርል ፍሬድሪክ ጋውስ የተባለ የ24 ዓመት ጀርመናዊ ነው። የፒያዚ ልኬቶች እያንዳንዳቸው ትንሽ ትንሽ ይዛባሉ። መነጽሩ ይንቀጠቀጣል፣ አየሩ ይርገበገባል፣ የሰው ዓይን ይደክማል።  ጋውስ ከጥቂት ልኬቶች ተነሥቶ፣ ከሌሎቹም ጋር በተሻለ የምትስማማዋን መንገድ ፈለገ። ዓመቱ ሊያልቅ አንድ ቀን ሲቀረው፣ በታኅሣሥ 31፣ ሴሬስ እሱ ካለበት አካባቢ ተገኘች። በ1809 ባሳተመው መጽሐፍ የልኬት ኤረሮች ራሳቸው ሥርዓት እንዳላቸው በሒሳብ አሳየ። ትንንሾቹ ብዙ ናቸው፣ ትልልቆቹ ጥቂት ናቸው፤ ወደ ላይም ወደ ታችም እኩል ይበተናሉ። ፕላኔት የሚለው ቃል ራሱ በግሪክኛ “ተንከራታች” ማለት ነው። በዘመኑ እንደ ፕላኔት የተቆጠረችው ሴሬስ የተገኘችው እንግዲህ ኤረር ያለባቸውን ልኬቶች በማስማማት ነው። ይህን ባነበብኩ ቁጥር ፈገግ እላለሁ።

የሰማዩ ከራቀ ወደ አናጺ ቤት እንሂድ። ሰፈራችን ያለ አናጺ የበር መቃን ሲለካ አይቼዋለሁ። አንዴ ለካ፤ 203 ሴንቲ ሆነ። ደገመ፤ 203 ከ2 ሚሊ። ሦስተኛ ለካ፤ 203 ከ1። ምንም አላጠፋም። በእጁና በዓይኑ የሚለካ ሰው ሁሉ እንዲህ ነው። ሳይንስ ኤረር የሚለው ይህን ነው፤ በለካኸውና በእውነተኛው መካከል ያለ ርቀት። ደጋግሞ በመለካትና አማካዩን በመውሰድ ይቀንሳል፤ ዜሮ ግን አይሆንም።

ያው አናጺ ጫፏ የተቆረጠ አሮጌ ሜትር አለችው። “በሷ ስለካ ከአሥር ጀምሬ አሥር እቀንሳለሁ” ይላል። ይህን የማያውቅ ሰው በዚያች ሜትር መቶ ጊዜ ቢለካ መቶ ጊዜ ይስታል፤ ያውም ሁሌ ወደ አንድ ወገን። ይህ ሁለተኛው ዓይነት ኤረር ነው፤ ከመሣሪያው የሚመጣ። መደጋገም አያድነውም፤ መሣሪያውን ማወቅ ነው። አንድ ቀን ደግሞ ረዳቱ ከአሥር ጀምሮ ለክቶ አሥሩን ሳይቀንስ እንጨቱን ቆረጠው። እሱ ሚስቴክ ነው። ደግነቱ እንጨቱ ረዘመ እንጂ አላጠረም።

የአሜሪካ ምርጫ ሲቃረብ በዜና “የስህተት ህዳጉ ሲደመር ሲቀነስ 3 በመቶ ነው” ሲባል የምትሰሙትም ይኸው ነው። ጥናት አድራጊዎቹ ተሳስተዋል ማለት አይደለም። ከ1,000 ሰው ገደማ ጠይቀህ ስለ መላው ሕዝብ ስትናገር ይህን ያህል ልትርቅ ትችላለህ ማለት ነው። ርቀቱን አስቀድሞ የሚናገር ሰው የበለጠ ይታመናል። ህዳጉን ደብቆ ቁጥር ብቻ የሚያወራውን ነው መጠርጠር።

ስለ ሕክምና አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም፤ እዚህ ላይ የቃሉ ትርጉም ሕይወት ስለሚያድን። በ1999 የአሜሪካ የሕክምና ኢንስቲትዩት አንድ ሪፖርት አወጣ። በአገሪቱ ሆስፒታሎች በሕክምና ስህተት ምክንያት በየዓመቱ ከ44,000 እስከ 98,000 ሰው ይሞታል ብሎ ገመተ። አገሩ ደነገጠ። የሪፖርቱ ርዕስ አሌክሳንደር ፖፕ የተባለ ገጣሚ በ1711 ካሳተመው ግጥም የተወሰደ ነው፤ መሳት የሰው ነው ይላል። እኛ “ከሰው ስህተት፣ ከብረት ዝገት አይጠፋም” የምንለው ዓይነት ነው። የሪፖርቱ ዋና ነጥብ ግን ሐኪሞቹ መጥፎ ናቸው የሚል አልነበረም። ብዙው ስህተት የሚመጣው ከአሠራሩ ነው አለ። ሁለት ተመሳሳይ ብልቃጥ አንድ መደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን ከተቀመጡ የደከመች ነርስ አንድ ቀን ማሳሳቷ አይቀርም። ነርሷን ብታባርራት ብልቃጦቹ እዚያው ናቸው። ቀጣዩዋን ይጠብቃሉ። ሰው ስህተቱን የሚናገረው ደግሞ “ጥፋተኛ” የሚል ቃል ካልጠበቀው ነው። ካልተናገረ ማንም መደርደሪያውን አያስተካክልም።

አማርኛ ለማስተካከል ያለው ቃል ራሱ ደስ ይላል። አረመ። ገበሬ ማሳውን ያርማል፤ አስተማሪ ፈተና ያርማል። አረም የበዛበት ማሳ አይቃጠልም፤ ጎንበስ ተብሎ ይነቀልለታል።

ኮምፒውተሩ ጋ ልመለስ። የሶፍትዌር ሰዎች ሦስት ነገር ይለያሉ። ፕሮግራሙን የጻፈው ሰው አእምሮ ውስጥ የተፈጠረው መሳት ኤረር ነው። ያ መሳት ኮዱ ውስጥ ትቶት የሄደው ጉድለት በተለምዶ “ባግ” ይባላል፤ በእንግሊዝኛ ነፍሳት ማለት ነው። በ1947 በሃርቫርድ ማርክ 2 ኮምፒውተር ውስጥ የተገኘች የእሳት ራት መዝገብ ላይ በፕላስተር ተለጥፋ ዛሬም ዋሽንግተን ሙዚየም ውስጥ አለች። ቃሉን ግን ቶማስ ኤዲሰን በ1878 በደብዳቤው ተጠቅሞበታል፤ የእሳት ራቷ አላስጀመረችውም። ሦስተኛው እኛ ስክሪን ላይ የምናየው መበላሸት ነው። ችግሩ እኛ ፊት የሚወጣው እንግዲህ ሁለት ደረጃ ካለፈ በኋላ ነው። ከእማማ ጣት ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም።

ኢንተርኔት ላይ ደግሞ ቁጥሩ ራሱ ይናገራል። ድረ ገጽ ከፍታችሁ ባለ ሦስት አኃዝ የኤረር ቁጥር ከመጣ የመጀመሪያውን አኃዝ እዩ። በ4 ከጀመረ ጥያቄው ላይ ችግር አለ ማለት ነው። ታዋቂው 404 “አልተገኘም” ነው የሚለው፤ በግዕዝ ብንጽፈው “ኀጥአ” ማለት እንችል ነበር። ገጹ ተነሥቷል፣ ወይም አድራሻው ውስጥ አንዲት ፊደል ተገድፋለች። መንገዱ ተይዟል፤ የተባለው ቤት ግን የለም። አድራሻውን እንደገና ማየት ነው። በ5 ከጀመረ፣ ለምሳሌ 500 ወይም 503 ከሆነ፣ ችግሩ ከእነሱ ወገን ነው። አገልግሎቱን የሚሰጠው ኮምፒውተር ወድቋል ወይም ሥራ በዝቶበታል። ያን ጊዜ ከእኛ የሚጠበቅ ነገር የለም፤ ሻይ ጠጥቶ ተመልሶ መሞከር ነው።